በጋውን ሙሉ ያደረግኩት ጫማ፦ ነገሩ ያለው ገበሩ ላይ ነው

ይህን ጫማ ስገዛ የፈለግኩት ሁለት ነገር ነበር። ቢሮ ሲገቡበት የሚያምር፣ በቀን ሙቀት ደግሞ እግር የማያፍን። ማማሩን አይቼው ነው የገዛሁት። ያልጠበቅኩት ሌላ ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አድርጌው ጫማው አይሸትም። ጭራሽ አይሸትም።

ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው አዲስ አበባ ዳር ያለው ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ ይምጣና ይየው። ከእኛ ኮንዶሚኒየም እስከ ታክሲ መያዣው ያለው መንገድ ገና ሰሌክት አፈር የተደፋበት፣ አስፋልት ያልለበሰ ነው። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ መጋቢት ሲገባማ ይብሳል። ጠዋት ለብርዱ ያደረጋችሁት ጫማ ከሰዓት ላብ በላብ ይሆናል። ከዚህ በፊት የነበሩኝ ጫማዎች በጋውን የሚያድሩት በረንዳ ላይ ነበር፤ ባለቤቴ ቤት አታስገባቸውም። ይሄኛው መኝታ ቤት ነው የሚያድረው።

ምክንያቱን ለማወቅ የሠራውን ሰው ሄጄ ጠየቅኩት። መርካቶ ውስጥ ያለ ትንሽ የጫማ መሥሪያ ነው። «ገበሩ የበግ ሌጦ ነዋ» አለኝ። ላዩ የከብት ቆዳ ነው፣ ቅርፁን እንዲይዝ። የበግ ሌጦ ስስና ልስልስ ስለሆነ ላዩ ላይ ቢሆን ቶሎ ይለጠጣል። ውስጥ ሲገባ ግን ቦታውን አገኘ።

ላብ ራሱ አይሸትም። ሽታው የሚመጣው ባክቴሪያ ላቡን ሲበላው ነው፤ ባክቴሪያ ደግሞ እርጥበት ይወዳል። የፕላስቲክ ገበር ላቡን አይጠጣም፤ እዚያው እግር ላይ ይውላል። ሌጦ ይጠጣዋል፣ ሌሊት ደግሞ መልሶ ይለቀዋል። እንዲለቀው ግን ጊዜ ስጡት። እኔ ይህን ጫማ በተከታታይ ሁለት ቀን አላደርገውም።

የእኛ የደጋ በግ ሌጦ እኮ በዓለም የታወቀ ነው። ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ጓንት ሠሪዎች ይፈልጉታል፤ የጎልፍ ጓንት ሳይቀር ይሠራበታል። ለሰው አገር መዳፍ የሚመረጥ ሌጦ እዚሁ ለእኛ እግር ሲነፈግ ከልቤ ያናድደኛል።

ሻጮቹንም የምወቅሰው በዚሁ ነው። ላይተር ያወጡና የጫማውን ላይ ይለበልቡታል። «ተመልከት ወንድሜ፣ አይቃጠልም! ኦርጅናል ሌዘር!» እሺ፣ ላዩ ሌዘር ይሁን። እግሬ የሚነካው ግን ውስጡን ነው። ስለ ውስጡ ለምን አትነግረኝም? ገበሩ ምንድነው ስትሏቸው ዞር ብለው እንኳን ሳያዩት «እሱም ሌዘር ነው» ይላሉ። አትመኑ። ጣታችሁን ትንሽ ውሃ አስነክታችሁ ገበሩን ንኩት። ሌጦ ከሆነ ብዙ ጊዜ ውሃውን ይመጥና ቦታው ጠቆር ይላል። ፕላስቲክ ከሆነ ጠብታው እንዳለ ይቀመጣል።

«ለሙቀት ከሆነ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ውሰድ፣ አየር ያስገባል» የሚሉም አሉ። አስፋልት ለአስፋልት ለሚውል ሰው ይሁን። እኛ ሰፈር አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አቧራም ያስገባል። አቧራው ከላብ ጋር ሲገናኝ ካልሲው ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት። በከተማው ዳር የምትኖሩ ከሆነ ላዩ ድፍን፣ ውስጡ ሌጦ የሆነውን ፈልጉ።

«ጠበብ ቢልህም ሲለመድ ይሰፋል» ለሚለው ደግሞ መልሴ አጭር ነው። ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ ይሰጣል፣ ርዝመቱ ግን ያው ነው። ጣት ጫፉን ከነካ ይቅርባችሁ። ልኬታውንም ከሰዓት በኋላ አድርጉት፤ እግር ሲውል ያብጣል።

መልኩን ላውራ ካልኩ፣ ማሰሪያ የሌለው፣ ታኮው ዝቅ ያለ ቡኒ ሎፈር ነው። ከጂንስም ከሱፍ ሱሪም ጋር ይሄዳል። ጥቁር ጫማ ላይ ታክሲ ሳትይዙ የሚታየው አቧራ ቡኒው ላይ ያን ያህል አይጮህም። ሊስትሮ ጋ ስትቀመጡ ቀለም ከመቀባቱ በፊት አቧራውን በደንብ እንዲያነሳላችሁ ንገሩት።

የቀኝ እግሩ ሶል ፊት ለፊት ማስቲሹ ለቆ ነበር። ሰፈር ያለው ጫማ ሰፊ በክር ዙሪያውን ሰፋልኝ፣ አለቀ። የሥራ ባልደረባዬ ይህንን ይዞ «በዚህ ዋጋ የቱርክ ጫማ አታገኝም ነበር?» እያለ ይሞግተኛል። አገኝ ነበር። ግን የተላቀቀ ሶል ይሰፋል፤ ላብ የማይጠጣ ገበር ምን ይደረጋል? ዋጋው አይቆጨኝም። ነገም ብሩን ይዤ እዚያው እመለሳለሁ።

እንዲያውም ተመልሻለሁ። አንድ ነገር ቅር ብሎኝ ነበር። ገበሩ ሌጦ ሆኖ ከእግር በታች የሚነጠፈው ሶሌታ ግን ሌጦ አይደለም፤ ብዙ የሚያልበው ደግሞ ውስጥ እግር ነው። ለሰውየው ነገርኩት። ሶሌታውንም ሌጦ እንደሚያደርገው፣ ዋጋው ግን ትንሽ እንደሚጨምር ነገረኝ። ተስማማን። ቀብድ ከፈልኩ። ሁለተኛው ጥቁር ቡኒ ነው፣ ለሚቀጥለው ጥቅምት ይደርሳል።