«300 የአማርኛ ቦልድ ፎንት» የሚሏችሁን ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን 1,800 ብር ከፍዬ የገዛሁት የፎንት (የፊደል ቅርጽ) ጥቅል አናዶኛል። እናንተም ብሩን ሳትልኩ ይህን አንብቡ።

ሥራው የአንድ ኬጂ ባነር ነበር። የኬጂው ባለቤት «ወፈር ብሎ ክብ ክብ ያለ፣ ልጅ የሚወደው ፊደል ይሁንልኝ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ለኬጂ፣ ለአይስክሬም ቤት፣ ለልደት ካርድ እንዲህ ያለ ፊደል ያምራል። ለረጅም ጽሑፍ አይሆንም፣ ዓይን ያደክማል። ለርዕስ ግን ግሩም ነው።

ቴሌግራም ላይ አንድ ሻጭ ናሙና ለጥፎ አየሁ። «ልጆች» የሚለው ቃል ኩፍ እንዳለ ሊጥ ተነፍቶ ተጽፏል። ወደድኩት፣ ከፈልኩ።

የላከልኝን ዚፕ ፋይል ስፈታው አብዛኛው የላቲን፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ፎንት ነው። ፍሬዶካ፣ ባሉ፣ ኑኒቶ። ቆንጆ ፎንቶች ናቸው፣ ግን ሦስቱም ጎግል ፎንትስ ላይ በነፃ ይወርዳሉ። የግዕዝ ፊደልም የላቸውም። ፍሬዶካ ከላቲን ሌላ ዕብራይስጥ ይጽፋል፣ ባሉ ደግሞ የህንድ ፊደላትን። አማርኛ ስትጽፉባቸው ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ኢብሪማን ወይም ኒያላን ይተካላችኋል። ፎንቱ የሠራ ይመስላል፤ የወጣው ግን ያው የምታውቁት የዊንዶውስ ፊደል ነው። በዚያ ላይ የተተካው ኒያላ ከሆነ፣ ቦልድ ስትጫኑ ኮምፒውተሩ በግድ ያወፍረዋል። የመ ሁለት ዓይኖች ይደፈናሉ። ሸን ከሰ የምትለየው የአናቷ ሰረዝ ከፊደሉ ጋር ትጣበቃለች። ከመንገድ ማዶ ማን ያነበዋል?

ፍሬዶካ፣ ባሉና ኑኒቶ የወጡበት ነፃ ፈቃድ ለንግድ ሥራ እንድትጠቀሙባቸው ይፈቅዳል። ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ግን ይከለክላል። ሰውዬው የሸጠልኝ የማይሸጥ ነገር ነው!

ከጥቅሉ ውስጥ ሌሎች ሁለት ፎንቶች በእርግጥ አማርኛ ይጽፋሉ። ደስ ብሎኝ ሠርቼ ፋይሉን ህትመት ቤት ላክሁ። እዚያ ሲከፍቱት የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነ። ለካ በድሮው አሠራር የተሠሩ ናቸው፤ የአማርኛው ቅርጽ የተቀመጠው በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ፣ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዛሬም ግን ያን አሮጌ ነገር አዲስ ብለው የሚሸጡ አሉ። መለየቱ ቀላል ነው። የጻፋችሁትን ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ከተለወጠ አሮጌ ነው።

ሻጩን ናሙናው የታለ ብዬ ጠየቅሁት። በእጅ የተሳለ ሥዕል ነበር፣ ፎንት አይደለም። «ዲጂታል ዕቃ አይመለስም» ብሎ ብሎክ አደረገኝ።

ስለዚህ ሥዕል አይታችሁ አትክፈሉ። ሻጩ «ቋንቋ፣ ጓደኛ፣ ሸክላ፣ ጨዋታ።» ብሎ ሲጽፍ ስክሪኑን በቪዲዮ ቀርጾ ይላክላችሁ። ቋ እና ጓ የሌሉት፣ አራት ነጥቡ የማይወጣለት ፎንት ብዙ ነው። ፈቃዱንም በጽሑፍ ጠይቁት። እምቢ ካለ ተዉት።

የኬጂውን ባነር በመጨረሻ በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሠራሁት። ነፃ ነው፣ ራሱ ወፍራም ሆኖ የተሳለ ዓይነትም አለው። ጽሑፉን ወደ ከርቭ (እንደ ሥዕል ወደሚስተካከል መስመር) ቀይሬ የእያንዳንዱን ፊደል ጠርዝ በእጄ አከበብኩት። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ሐሙስ ተሰቀለ፤ የመ ሁለቱም ዓይኖች ከመንገድ ማዶ ይታያሉ።