ልጄን ፕሮባቢሊቲ ላስተማሩልኝ ጋሼ

ይሄን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ዝም ብል ግን ህሊናዬ እሺ አይለኝም። የ12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ወላጆች እባካችሁ አንብቡልኝ።

ልጄ ጎበዝ ናት። ሒሳብ ላይ ግን፣ በተለይ ያ ፐርሙቴሽንና ፕሮባቢሊቲ የሚሉት፣ የአደራደርና የዕድል ስሌት ላይ ስትደርስ ሁሉ ነገር ይጠፋባታል። በ2014 ዓ.ም. ማትሪክ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ከሰማሁ ወዲህ እኔም እንቅልፍ የለኝም። ከየትም ብዬ ማስጠናት አለብኝ አልኩ።

መጀመሪያ አንድ ማስጠኛ ቦታ አስገባኋት። የት እንደሆነ አልናገርም። የሦስት ወር ቀድመን ከፈልን። መምህሩ ፎርሙላ ሰሌዳ ላይ ይጽፍና "ይሄን ሸምድዱ" ብሎ ያልፋል። ልጄ አንድ ቀን "እዚህ ጋ ለምንድነው የምናካፍለው?" ብላ ጠየቀች። "12ኛ ክፍል ደርሰሽ ይሄ ይጠፋሻል?" አላት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። ከዚያ በኋላ እጇን አውጥታ አታውቅም። ለእኔ እንኳን አልነገረችኝም፣ ከጓደኛዋ ነው የሰማሁት። የቀረውን ገንዘብ መልሱልን ብንል ማን ሰምቶን። ቀጥሎ ቤት ድረስ የሚመጣ አስጠኚ ያዝን። እሱ ደግሞ ስልኩን እየነካካ የቤት ሥራዋን ራሱ ሠርቶላት ይሄዳል። ደብተሯ ሙሉ ራይት፣ ልጄ ግን ምንም አልያዘችም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጋሼን ያገኘናቸው በጎረቤት በኩል ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። የመጀመሪያ ቀን መጡና ደብተር አላስከፈቷትም። ወደ እኔ ዞረው "ቦሎቄ ይኖርሻል?" አሉኝ። አመጣሁላቸው። ሦስት ቀይ፣ ሁለት ነጭ ቆጥረው ሲኒ ውስጥ ጨመሩ። "ሳታዪ፣ የወጣውንም ሳትመልሺ ሁለት ብታወጪ፣ ሁለቱም ቀይ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው?" አሏት። ልጄ ሠርታ 9/25 አለች። ድምጿ አይሰማም። ያን ሳቅ እየጠበቀች እንደሆነ እኔ እናቷ አውቃለሁ።

ጋሼ አልሳቁም። ወረቀቱን ረጋ ብለው አዩትና "ልጄ፣ አሠራርሽ ልክ ነው። የሌላ ጥያቄ መልስ ነው የሰጠሽኝ" አሏት። አንዷን ቀይ አወጡ፣ አሳዩዋት፣ መልሰው ሲኒው ውስጥ ጨመሯት። "አንቺ ያሰብሽው እንዲህ ነው።" እንደገና አወጧትና አሁን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። "እኔ ግን አትመልሺያት ነው ያልኩሽ። ሲኒው ውስጥ ስንት ቀረ?" "አራት።" "ቀይስ?" "ሁለት።" ከዚያ ዝም አሉ። እስክሪብቶውን ያነሳችው ልጄ ራሷ ናት። መጀመሪያ 3/5፣ ቀጥሎ 2/4፣ ሲባዛ 3/10።

በዚህም አላበቁም። "አሁን ፎርሙላውን ተዪውና ቁጠሪ" አሏት። ቦሎቄዎቹን ደርድራ ጥንድ ጥንድ እያደረገች ጻፈች። አሥር ጥንድ ወጣ። ሁለቱም ቀይ የሆኑት ሦስት። "እማ፣ ያው መጣ!" ብላ ስትጮህ እኔ ቡና እየቆላሁ ነበር፣ ማማሰያውን ይዤ ሮጥኩ። ልጄ በሒሳብ ደስ ሲላት ካየሁ ስንት ዓመቴ!

ከዚያ ወዲህ ምንም ጥያቄ ቢመጣ አትደነግጥም። መጀመሪያ ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል ወይ ትላለች። ከአምስት ልጆች ሁለት ተወካይ ምረጡ ከተባለ አሥር መንገድ ነው፣ አንዱ ሊቀ መንበር አንዱ ጸሐፊ ከተባለ ግን ሃያ ነው ብላ ለታናሽ ወንድሟ ስታስረዳ ሰምቻታለሁ። የቀረውን፣ ያን በቃለ አጋኖ የሚጻፈውን፣ እኔ አልገባኝም። እሷ ገብቷታል፣ ይበቃኛል።

እኔንም አስተምረውኛል እኮ። ዕቁባችን ውስጥ 12 ነን። የተጠቀለለውን ወረቀት ቀድሞ ያነሳ ይቀናዋል ብለን ሁሌ እንሻማለን። ጋሼን ጠየቅኳቸው። አንድ ቀይ ሁለት ነጭ ቦሎቄ ሲኒ ውስጥ ከተው እኔን፣ ልጄንና ታናሿን በየተራ አስወጡን። "ቀይዋ የመጀመሪያው እጅ ልትገባ ትችላለች፣ የሁለተኛው፣ የሦስተኛውም። አንዱ ከሌላው አይበልጥም" አሉኝ። ደጋግመን አወጣን። በ12 ሰውም ቀደምሽ ዘገየሽ ዕድልሽ ያው 1/12 ነው አሉኝ። እኔ ትምህርቴን ከ10ኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፣ ሒሳብ ለእኔ ዝግ በር ነው ብዬ የተውኩት ነገር ነበር። ያን ዕለት ማታ ብቻዬን አለቀስኩ። እንዲህ ብሎ የሚያስረዳኝ ሰው ያኔ ቢኖረኝ እያልኩ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ውለታዎን አልረሳም።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ሒሳብ አልገባ ካለው እሳቸው ጋ ውሰዱት። ደግሜ እላለሁ፣ ውሰዱት። ዋጋቸው ከማስጠኛው ያነሰ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ስለነገሩኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። በአንድ ጊዜ ከሦስት ልጅ በላይ አይዙም፣ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ቦታ አለኝ ብለውኛል።