ከሪም ወይስ ሻክ፦ ረጅሙ ተጫዋች እንዴት ይሰነብታል?

ድሬዳዋ ላይ የቅርጫት ኳስ ክርክር የሚደምቀው ፀሐይዋ በረድ ስትል ነው። ከዚራ ሰፈር፣ ጥላ ሥር ሁሌ የምንነታረክበት ጥያቄ አለ፦ ሜዳ ላይ ለመሰንበት ከሁለቱ የቀድሞ የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ኮከቦች የከሪም አብዱልጀባር መንገድ ይሻላል ወይስ የሻኪል ኦኒል (ሻክ)?

ሻክ ኃይል ነው። 2.16 ሜትር ቁመት፣ ከ140 ኪሎ በላይ ክብደት። ተከላካዩን በትከሻው ገፍቶ ቀለበቱ ሥር ይደርሳል። ያ ሁሉ ኪሎ ግን የሚያርፈው እግሩ ላይ ነው። 19 የውድድር ዘመን ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሰናበት፣ የመጨረሻውን ዓመት በአመዛኙ በጉዳት ነው ያሳለፈው። አራት ዋንጫ አለው፣ እሱን አንክድም።

ከሪም ግን አቦ ሌላ ነው! ቀጠን ያለ፣ ዮጋ የሚሠራ። ስካይሁክ የምትባለው ውርወራው ብዙ መጋፋት አትጠይቅም። ጎኑን ለተከላካዩ ሰጥቶ፣ ክንዱን ዘርግቶ በአንድ እጁ ከላይ ይለቃታል። ማን ይደርስባታል? ፍጥነቱ ሲቀንስም እሷ አብራው አላረጀችም። እ.ኤ.አ. በ1985፣ በ38 ዓመቱ፣ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። 20 የውድድር ዘመን፣ 1,560 መደበኛ ጨዋታ፤ ጫማውን የሰቀለው በ42 ዓመቱ ነው።

እኔ ከከሪም ጋር ነኝ። በዚህ ሙቀት፣ በሲሚንቶ ሜዳ የሚጫወት የድሬ ረጅም ልጅ ብረት ማንሳቱ ይቆየው። መጀመሪያ የከሪምን ስካይሁክ ይልመድ፣ በቀኝም በግራም።