ባለ 10 እጥፍ የእጅ ሌንስ፦ ለአቮካዶዬ ገዝቼ

ይቺን ሌንስ ከገዛኋት ሦስት ወሯ ነው፣ ከኪሴ ወጥታ አታውቅም። ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ ለጥፈው የሚያዩባት፣ ታጥፋ የብረት ልባሷ ውስጥ የምትገባው ዓይነት ናት። ከሷ በፊት 30 እጥፍ የሚል የተጻፈበት ርካሽ ነገር ገዝቼ ነበር፤ መሃሉ ትንሽ ይታያል፣ ዳር ዳሩ ጭጋግ ነው። 10 እጥፍ ይበቃል፣ ጥራት ያለው ይሁን እንጂ።

ሐዋሳ ግቢያችን ውስጥ ሀስ የሚባል ዝርያ አንድ አቮካዶ አለ። በየዓመቱ በአበባ ይሸፈናል፣ ፍሬው ግን በጣት ይቆጠራል። ያየው ሁሉ «ወንዴ ነው፣ ቁረጠው» ይለኛል። ወንዴና ሴቴ ዛፉ የሚለየው ፓፓያ ነው እንጂ አቮካዶ እኮ እያንዳንዱ አበባ ላይ ሁለቱም አለው! ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው።

አንድ አበባ ላይ ክር አስሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አየሁት። መሃል ላይ ሴቴዋ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ጫፏ ነጭና ትኩስ ነው፤ ዘጠኙ ወንዴዎች ወደ ውጭ ጋደም ብለዋል፣ ብናኝ የለም። እኩለ ቀን ላይ ተዘጋ። በማግስቱ ከሰዓት ያው አበባ እንደገና ሲከፈት ወንዴዎቹ ተነሥተው ቆመዋል፣ ራሳቸው ላይ ያሉት ትንንሽ ክዳኖች እንደ መስኮት ወደ ላይ ተገልጠዋል፣ ቢጫው ብናኝ እዚያው ተጣብቋል። የሴቴዋ ጫፍ ግን ጠውልጎ ቡኒ ሆኗል። ይሄን በዓይኔ ሳይ በቃ ዝም ብዬ ቆምኩ።

የዛፉ አበቦች በዚሁ ሰዓት አብረው ስለሚሄዱ፣ ሴቴዎቹ ሲከፈቱ ብናኝ የለም። ፉዌርቴ የሚባለው ዝርያ ተቃራኒው ነው፤ ከሰዓት ሴቴ ሆኖ ይከፈትና በማግስቱ ጠዋት ብናኝ ያወጣል። የኔ ሀስ ጠዋት ብናኝ ሲጠብቅ ፉዌርቴው አለለት ማለት ነው፣ የሚያደርስለት ንብ ካለ። ሀስ ብቻውን ጨርሶ አያፈራም ማለት አይደለም፣ ቀኑ ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ይዛባና የሴቴውና የወንዴው ጊዜ ይገጣጠማል፣ ግን ጓደኛ ሲኖረው ይሻለዋል።

አያያዟን ልንገራችሁ፦ መጀመሪያ ሌንሷን ዓይናችሁ ሥር አድርጉ፣ ከዚያ አበባውን ወደሷ አቅርቡ። ብዙ ሰው ሌንሱን አበባው ላይ አድርጎ ከሩቅ ያያል፣ ከዚያ «አይሠራም» ይላል። ጉድለቷ ማጠፊያዋ ላይ ያለችው ብሎን ቶሎ ትላላለች፤ እኔ በየሳምንቱ አጠብቃታለሁ። የባዮሎጂ መምህራን፣ ለክፍላችሁ ሁለት ሦስት ግዙ።

ያንን አቮካዶ አልቆረጥኩትም። አጠገቡ የተዳቀለ ፉዌርቴ ተክያለሁ።