የጭንቅላት ዶፕለር ሮቦት፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

የምሠራው አሜሪካ፣ የአልትራሳውንድ ባለሙያ ሆኜ ነው። ክፍላችን ሮቦት የተገጠመለት የጭንቅላት ዶፕለር (በአንጎል ደም ሥር ውስጥ የሚፈሰውን ደም በድምፅ ሞገድ የሚከታተል መሣሪያ) ከገዛ ወራት አልፈዋል። ሥራው በስትሮክ ታማሚዎች ልብ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ለማግኘት መርዳት ነው። በጣም ወድጄዋለሁ፤ ቅሬታም አለኝ።

ቀዳዳዋ ፒኤፍኦ ትባላለች። በማህፀን ሳለን ሁላችንም አለችን። ከአራት ሰው በአንዱ ላይ ከተወለደም በኋላ ሳትዘጋ ትቀራለች። አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም። አንዳንዴ ግን የረጋ ደም በእሷ ሾልኮ አንጎል ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡ ጥናቶች ለስትሮካቸው ሌላ ምክንያት ያልተገኘላቸውን፣ ከ60 ዓመት በታች የሆኑ ታማሚዎችን ቀዳዳ መዝጋት ስትሮክ እንዳይደገም እንደሚረዳ አሳይተዋል። ስለዚህ ሳናያት ማለፍ የለብንም።

ከጥቂት አየር ጋር በደንብ ተንጦ አረፋ የያዘ ሴላይን (የጨው ውሃ) በክንድ ደም ሥር እንሰጣለን። ሳንባ አረፋውን ያጣራዋል። ቀዳዳ ካለ ግን አረፋው አንጎል ይደርስና ዶፕለሩ ይይዘዋል። ድሮ የአንጎሉን ደም ሥር በእጄ ነበር የምፈልገው፤ ታማሚው ትንሽ ከተነቃነቀ ይጠፋብኛል። አሁን ሮቦቱ ራሱ ፈልጎ ይከታተለዋል። ቡብል በተባለው ጥናት ሮቦቱ 64 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ታማሚዎች ላይ የአረፋ መሹለክ ሲያገኝ፣ የተለመደው የደረት ኢኮ (በደረት ላይ የሚደረግ የልብ አልትራሳውንድ) ያገኘው 21 በመቶ ገደማ ላይ ነው።

ያስቸገረኝ አጥንት ነው። ድምፁ የሚገባው በጆሮ ግንድ በኩል ስስ አጥንት ሲያገኝ ነው። በዕድሜ የገፉ ሴቶችና ጥቁሮች ላይ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል። የኛን እናቶች ስመረምር ይሄ ያንገበግበኛል። «ምልክት አልተገኘም» ማለት «ቀዳዳ የለም» ማለት ስላልሆነ ሪፖርቱ ላይ ለይቼ እጽፈዋለሁ።

ማማጡም አለ። ታማሚው አምጦ ሲለቅ ነው ቀዳዳዋ በደንብ የምትከፈተው፤ ይህን ሮቦት አያስተምርም። በእንግሊዝኛ ሲነገራቸው ጉንጫቸውን ብቻ የሚነፉ እናቶች አሉ። «እማማ፣ ትንፋሽዎን ይያዙና ሆድዎን ወጥረው ያምጡ፤ በቃ ስልዎት ይልቀቁ» ስላቸው አሳምረው ይሠሩታል። ከመርፌው በፊት ማለማመድ ግድ ነው።

አረፋው በልብ ይሹለክ በሳንባ ማሽኑ አይለይም፤ ስለዚህ ቀዳዳውን ለመዝጋት ከመወሰኑ በፊት በጉሮሮ የሚገባው ኢኮ አይቀርም። በዶፕለር የሠለጠነ ሰው ማታና ቅዳሜ ለማያገኝ የስትሮክ ክፍል ግን ይገዛ እላለሁ።