ሬዞሉም አቬኑ ለችክችካ ይሆናል?

ኮንሰርት ላይ ከዘፋኙ ጀርባ ባለው ስክሪን ቪዲዮ ለምታጫውቱ፣ ሬዞሉም አቬኑ የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ፣ መልሴ ግዙት ነው። ግን በኛ ሙዚቃ ላይ ፈጣን ብልጭታ ልትሠሩበት ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን ስሙኝ።

ፕሮግራሙ የሆላንዶች ሥራ ነው። አያያዙ አይከብድም። ቪዲዮዎቻችሁን በየሳጥኑ ትደረድራላችሁ፣ አንዱን ስትነኩት ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ስክሪኑን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው፣ ስትሮብ የሚባለው ኢፌክትም አብሮት አለ። ታፕ የምትለዋን ቁልፍ ከከበሮው ጋር እኩል ስትመቷት የዘፈኑን ፍጥነት ይይዛል። ሃውስና ቴክኖ በሚባሉት የውጭ የጭፈራ ሙዚቃዎች ላይ ልክክ ይላል።

ችክችካ ላይ ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ምት የሚቆጥረው በአራት በአራት ነው፣ ሲከፋፍልም እያጋመሰ ነው። ችክችካ ደግሞ አንዱ ትልቅ ምት ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምቶች አሉት። ስለዚህ ብልጭታው ከከበሮው ጋር አንዴ ይገጥምና ወዲያው ይስታል፤ የተወዛዋዡ ትከሻ ወዲህ፣ መብራቱ ወዲያ። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም የሆነ ነገር እንደማይጥም ይሰማዋል።

መፍትሔው የራስን ክሊፕ መሥራት ነው። በደቂቃ 120 ትልልቅ ምት ካለ አንዱ ግማሽ ሰከንድ ይወስዳል። በሰከንድ 60 ፍሬም (ማለትም 60 ነጠላ ምስል) በሆነ ቪዲዮ ይሄ 30 ፍሬም ነው፣ ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ትንሽ ምት 10 ይደርሳል፦ አምስቱ ነጭ፣ አምስቱ ጥቁር። እኔ የመጀመሪያውን ነጭ ሙሉ ብርሃን፣ ሁለቱን ተከታዮች ደብዘዝ አደረግኳቸው። ከዚያ ክሊፑ በቢፒኤም (በደቂቃ በሚመታው ምት ብዛት) እንዲሄድ አድርጌ ርዝመቱን አንድ ምት አልኩት። አሁን ታፕ የማደርገው ትልቁን ምት ብቻ ነው፣ ሦስቱ ራሳቸው ይመጣሉ። መጀመሪያ ሲገጥምልኝ እጄ ላይ ውርር አለኝ! በ25 ፍሬም ግን አትሞክሩት፣ ግማሽ ሰከንዱ 12 ከግማሽ ስለሚሆን ለሦስት እኩል አይካፈልም።

ፋይሎቻችሁን ደግሞ ዲኤክስቪ ወደሚባለው የሬዞሉም የራሱ የቪዲዮ ዓይነት ቀይሩ። የተለመደው ኤምፒ4 አብዛኛውን ጊዜ ከፍሬም ፍሬም የተለወጠውን ብቻ ስለሚይዝ፣ ቪዲዮውን መሃል ላይ ድንገት ስታዘልሉት ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስላት አለበት። ዲኤክስቪ እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉውን ይዞ ሥራውን ለግራፊክስ ካርዱ ይሰጣል። ፋይሉ ይገዝፋል፣ ሃርድ ዲስክ አዘጋጁ። እኔ አንድ ሠርግ ላይ ቸኩዬ ሳልቀይር ገብቼ፣ ከበሮው ሲገባ ስክሪኑ ቆሞ ቀረ። ሙሽሮቹ መሃል ላይ ነበሩ። አሌይ የሚባለው መቀየሪያቸው ነፃ ስለሆነ ሰበብ የለም።

አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ። በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ የሚብለጨለጭ ብርሃን አንዳንድ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሊጥላቸው ይችላል፤ ቀይ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ አንድ የካርቱን ፊልም በቀይና በሰማያዊ ብልጭታው በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ሆስፒታል አስገብቷል። ከላይ ያለው ክሊፕ በሰከንድ 6 ጊዜ ነው የሚብለጨለጨው። ስለዚህ አዝማቹ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ፣ ያውም ብርሃኑን ቀንሼ አወጣዋለሁ። መግቢያው በር ላይም ማስታወቂያ እንዲለጠፍ አዘጋጆቹን እለምናለሁ፣ እናንተም ለምኑ።

ክፍያው በዩሮ ስለሆነ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። እስከዚያ የሙከራውን ቅጂ አውርዱ፣ አርማውን ስክሪኑ ላይ ከማውጣቱ በቀር ለልምምድ በቂ ነው። አሬና የሚባለው ውዱ የሬዞሉም ፕሮግራም ግንብና ዕቃ ላይ በፕሮጀክተር ምስል ለሚያለብስ ሰው ነው፣ ለአንድ ስክሪን አቬኑ ይበቃችኋል።