ዘጠኝ ወር ከፌንደር ስቱዲዮ ጋር

ጊታር መማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ብይዝም የራሴን አጨዋወት መልሼ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኔ የምሰማውና አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው አንድ ይመስለኝ ነበር። ፌንደር ስቱዲዮ የተባለውን የሙዚቃ መቅጃ መተግበሪያ ስልኬ ላይ በጫንኩበት የመጀመሪያ ምሽት አርባ ሰከንድ የምትሆን ዜማ ቀድቼ ሰማኋት። ኮርድ (በአንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች) በቀየርኩ ቁጥር ድምፁ ይቋረጣል። የሜትሮኖሙ፣ ማለትም የምት መቁጠሪያው፣ ምት ቀድሞ ይመጣል፣ የእኔ ጊታር ይከተላል። ጥፋቱ በዓይንም ይታይ ነበር፤ የድምፁ ሞገድ ከምት መስመሩ በስተቀኝ እየተንሸራተተ ተቀምጧል። ያን ምሽት እንቅልፍ የወሰደኝ በጣም ዘግይቶ ነው፤ ዜማዋንም ለአንድ ጓደኛዬ ላኩለት። ይህን ከጻፍኩበት ቀን ዘጠኝ ወር ወደኋላ መሆኑ ነው።

ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1946 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመ የጊታር አምራች ነው። መሥራቹ ሊዮ ፌንደር የሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወትም አልተማረም። የሠራቸውን መሣሪያዎች ለሙዚቀኞች እየሰጠ፣ የሚሉትን እያዳመጠ ነበር የሚያሻሽላቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ስቱዲዮ ዋን የተባለውን የቀረጻ ሶፍትዌር የሚሠራውን ፕሪሶነስን ገዛ። ከዚህ ጋብቻ እ.ኤ.አ. በ2025 የተወለደው ለጀማሪ የታሰበው ነጻ መተግበሪያ ፌንደር ስቱዲዮ ነው። በስልክም በኮምፒውተርም ይሠራል፤ ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ፣ አንድሮይድና አይኦኤስ ላይ ይጫናል። ሲከፈት ስምንት ትራክ፣ ማለትም ለየብቻ ተቀድተው አብረው የሚሰሙ ስምንት የድምፅ መደቦች፣ ይሰጣል፤ በነጻ ለተመዘገበ ሰው ደግሞ ትራኩ አሥራ ስድስት ይሆናል፣ የአምፕሊፋየር (የጊታር ድምፅ ማጉያ ሣጥን) አምሳያና የኢፌክት (የድምፅ መለወጫ) ምርጫውም ይጨምራል።

ወደዚያች አርባ ሰከንድ ልመለስ፤ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ላይ ነውና። በማግስቱ ያንኑ ዜማ ደግሜ ብቀዳው መንሸራተቱ አልቀነሰም። በሦስተኛው ቀን እንዲያውም ጊታሩን ትቼ ከሜትሮኖሙ ጋር በጥፍሬ ጠረጴዛ መታሁ። እሱም ዘገየ። ጠረጴዛ ለመምታት ይህን ያህል ልዘገይ እንደማልችል ስለማውቅ ጥርጣሬዬ ወደ ጆሮ ማዳመጫው ዞረ። ገመድ አልባ ነበር። በብሉቱዝ የሚመጣ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ዜማ አንዱን ምት ለአራት ብንከፍለው እያንዳንዱ ክፋይ 167 ሚሊሰከንድ ይሆናል። እንግዲህ ሜትሮኖሙን የምሰማው አንድ ሙሉ ክፋይ ያህል ዘግይቶ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ የዘገየውን በታማኝነት እየተከተልኩ ነበር። ባለገመድ ማዳመጫ ሰክቼ ስቀዳ አብዛኛው መንሸራተት ጠፋ። የቀረው የእኔ ነው። እሱን ለማቃናት ወራት ፈጅቶብኛል፤ ግን ቢያንስ የቱ የዕቃው፣ የቱ የጣቴ እንደሆነ ለየሁ። ይህን መተግበሪያ ለሚጭን ሰው ሁሉ የምለምነው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፦ በገመድ አልባ ማዳመጫ አትቅዱ።

የስልኩ ማይክሮፎን ለማስታወሻ ያህል ይበቃል፤ ዜማ ሳትጠፋ ለመያዝ። የኤሌክትሪክ ጊታር በወጉ ለመቅዳት ግን ሳውንድ ካርድ፣ ማለትም ጊታሩን ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ዕቃ፣ ያስፈልጋል፣ እኔም በሁለተኛው ወር አንድ አገኘሁ። ገመዱን ለማይክሮፎን በተዘጋጀው መግቢያ ሰክቼ ለሁለት ሳምንት ያህል ጊታሬ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስል ድምፁ ታፍኖ ይወጣ ነበር። በኋላ ነው ከጎኑ የጊታር ምልክት ያለበትን ቁልፍ ያየሁት። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ መቀበያ ማግኔት ራሱ ከፍተኛ ተቃውሞ ስላለው አንድ ሚሊዮን ኦም ያህል ተቃውሞ ያለው መግቢያ ይፈልጋል፤ ዝቅተኛ ተቃውሞ ያለው መግቢያ ላይ ሲሰካ ቀጭኑ፣ ጥርት ያለው የድምፅ ክፍል ይበላል። ቁልፉን ስጫነው ክሮቹ ተከፈቱ። የድምፅ መጠኑንም በኃይል ስመታ መለኪያው ዜሮ ዲሲቤል ከመድረሱ 12 ዲሲቤል ያህል እንዲቀረው አድርጌ አስተካክላለሁ። ዜሮን አልፎ የተሰነጠቀ ቀረጻ በምንም አይታከምም፤ ዝቅ ብሎ የተቀዳ ግን ከፍ ይደረጋል።

መዘግየት በሳውንድ ካርድም ፈጽሞ አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚያስተናግደው በጥቂት በጥቂቱ እየሰበሰበ ነው። በሰከንድ 48,000 ናሙና (የድምፁ ቅጽበታዊ ልኬት) ሲቀዳ 256 ናሙና መሰብሰብ 5 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ 1,024 ደግሞ 21። የመጀመሪያው በአየር ላይ ቢሆን ድምፅ ሁለት ሜትር ለመጓዝ እንኳ የሚወስድበት ጊዜ አይሞላም፤ ጣት አያስተውለውም። ሁለተኛው ግን ይሰማኛል። ስቀዳ ትንሹን፣ ቀረጻው አልቆ ድምፆቹን ሳዋህድ ትልቁን እመርጣለሁ።

አሁን ስለ አምፕሊፋየሩ። መተግበሪያው ውስጥ ካሉት መጀመሪያ የሚያገኙት ትዊን ሪቨርብ የተባለውን የፌንደር አምፕሊፋየር የ1965 ሞዴል አምሳያ ነው። እውነተኛው ዕቃ 85 ዋት ኃይል፣ ሁለት ባለ12 ኢንች ድምፅ ማጉያና 29 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ያለው ሣጥን ነው፤ ሰው በተኛበት ሰዓት የሚነካ አይደለም። የሚታወቀውም ድምፁን ሳይሰነጥቅ በጥራቱ በማጉላት ነው። ለጀማሪ ይህ ጨካኝ መምህር ነው። ኦቨርድራይቭ (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክር ኢፌክት) የሚሸፍነውን ሁሉ፣ በደንብ ያልተጫነውን ክር፣ ሳያስቡት የነኩትን ክር፣ የጣት ፍግታውን፣ እሱ አውጥቶ ያሳያል። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ኦቨርድራይቩን ዘግቼ በዚህ ብቻ ቀዳሁ፤ ከዘጠኙ ወራት ውሳኔዎቼ ሁሉ የምኮራበት ይህኛው ነው።

ብዙ ሰው ስምንት ትራክ ያንሳል ይላል። በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው፣ በካሴት ላይ በበርካታ ትራክ የሚቀዳ የመጀመሪያው የቤት ውስጥ መቅጃ አራት ትራክ ብቻ ነበረው፤ ከዚያ በኋላም ስንትና ስንት ሙዚቀኛ ሥራውን በአራት ትራክ ጀምሯል። የእኔ ክፍፍል ሁለት ትራክ ለኮርድ፣ አንድ ለዜማ፣ አንድ ለቤዝ፣ ሁለት ለዘፈን ድምፅ፣ አንድ የጊታሩን ሆድ በመዳፌ እየመታሁ ለምቀዳው ምት ነው። ስምንተኛው ባዶ ይቀመጣል። ተመዝግቤ አሥራ ስድስት ሲደርሰኝ ምን ሆንኩ? አንዱን አዝማች አምስት ጊዜ እየቀዳሁ "በኋላ እመርጣለሁ" ማለት ጀመርኩ። ሁለት ወር አንድም ዘፈን ሳልጨርስ አለፈ። ከዚያ በራሴ ፈቃድ ወደ ስምንት ተመለስኩ። ያልወደድኩትን ቀረጻ ወዲያው አጠፋለሁ፣ የወደድኩትን ይዤ እቀጥላለሁ። እስካሁን የጨረስኳቸው ሰባት ዘፈኖች ናቸው፤ ከእነዚህ አምስቱ ከዚያ በኋላ የመጡ።

ተዘጋጅተው የቀረቡት ማጀቢያዎች ፍጥነታቸውና ቃናቸው ስለሚቀየር ለልምምድ ጥሩ ናቸው፤ የራሴን ነገር መቅዳት ስለምመርጥ ብዙም አልቆየሁባቸውም። በፒያኖ ሰሌዳ የኮምፒውተር መሣሪያዎችን ለማጫወት የሚፈልግ፣ ከበሮውን በጣቱ እየነካ መሥራት የሚወድ ሰው ግን ሌላ ቦታ ይፈልግ። ይህ የተሠራው ጊታሩን ሰክቶ፣ ድምፁን ከፍቶ ለሚቀዳ ሰው ነው።

አንድ ጉዳት ደርሶብኛል፣ ጥፋቱም የራሴ ነው። በአራተኛው ወር ስልኬ ሞልቶ ቦታ ሳስለቅቅ መተግበሪያውን አጥፍቼ መልሼ ጫንኩት። ውስጡ የተቀመጡት ጅምሮች ሁሉ አብረው ሄዱ። የቀረጻ ፋይል ቦታ እንደሚይዝ ማወቅ ነበረብኝ፦ በ24 ቢትና በ48,000 ናሙና የተቀዳ አንድ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ይወስዳል። ስምንት ትራክ ያለው የአራት ደቂቃ ዘፈን 276 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የደጋገምኩት ቀረጻ ሲጨመር ከዚህም ያልፋል። አሁን እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻ ወደ ዋቭ ፋይል እያወጣሁ ከስልኬ ውጭ አስቀምጣለሁ።

ይህን የማደርገው ስልክ ስለሚሞላ ብቻ አይደለም። የጊታር አምራች የቀረጻ ሶፍትዌር ባለቤት ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ኬክዎክን ገዝቶ ነበር፤ በ2017 የሶፍትዌሩን ሥራ አቆመ። ለብዙ ዓመታት ሥራቸውን በዚያ የሠሩ ሰዎች ነገ ምን እንደሚሆን ሳያውቁ ቀሩ። በቀጣዩ ዓመት ባንድላብ የተባለ ድርጅት ንብረቱን ገዝቶ በነጻ ባያወጣው ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያበቃ ነበር። ፌንደርም ይህን ያደርጋል እያልኩ አይደለም። በነጻ የሚሰጥበት ምክንያትም ግልጽ ነው፦ ጊታሩን በስድስተኛው ወር ጥግ አስደግፎ የሚረሳ ሰው ሁለተኛ ጊታር አይገዛም፤ ዘፈን የጨረሰ ሰው ግን ይገዛል፣ ከፍ ወዳለው የሚከፈልበት ሶፍትዌርም ይሸጋገራል። ይህ ተገቢ ንግድ ነው፣ እኔም የተጠቀምኩበት በደስታ ነው። ዘፈኖቼ ግን በማንኛውም ሶፍትዌር በሚከፈት ፋይል እጄ ላይ እንዲኖሩ እፈልጋለሁ።

ከጠፉት ጅምሮች መካከል የመጀመሪያዋ ምሽት አርባ ሰከንድም ነበረች። ደግነቱ ጓደኛዬ ዘንድ ተቀምጣ ስለነበር አስመለስኳት። ባለፈው ሳምንት አንደኛው ትራክ ላይ እሷን አስገብቼ፣ ሁለተኛው ላይ ያንኑ ዜማ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ጊታር፣ በባለገመዱ ማዳመጫ አዲስ ቀዳሁ። አንዱን እየዘጋሁ፣ ሌላውን እየከፈትኩ ደጋግሜ ሰማኋቸው። የኮርድ ለውጡ አሁን አይቋረጥም። ሦስተኛው ኮርድ ላይ ግን ሞገዱ ከመስመሩ ትንሽ ወደ ቀኝ እንዳለ ነው፣ ነገ ከእሱ እጀምራለሁ።